መተንፈሻን «መዝጊያ» ማለት፦ የአነስተኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አተካከልና አያያዝ ስያሜዎች

1. መነሻ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ለማዛወር ስንነሣ ዘወትር የምናስቀድመው ጥያቄ «ቃሉ ምን ማለት ነው?» የሚለው ነው። ከዚህ ቀጥሎ መምጣት የሚገባው ሁለተኛ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም «ይህን ቃል ያነበበ ሰው እጁን የት ያሳርፋል?» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በምሳሌ ለማብራራት የቀረበ ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው ዘርፍ ጠባብ ነው። በእውነተኛ እሳትና በእውነተኛ እንፋሎት የሚሠራ፣ ሰው አስቀምጦ ለመጎተት የሚችል አነስተኛ ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዱትን ቃላት እንመለከታለን። የዚህ ዓይነት መሣሪያ የትልቁ ሎኮሞቲቭ ዋና ዋና ክፍሎች ሁሉ ስላሉት ለማስተማሪያነት ይመቻል። ከዚህም በላይ ምድጃ፣ ቦይለር፣ የግፊት መለኪያና የውሃ ልክ ማሳያ በሆስፒታልም ሆነ በፋብሪካ የሚገኙ ስለሆኑ፣ እዚህ የሚደረስበት ስያሜ ከሐዲድ ውጭም ያገለግላል።

ጉዳዩን የምንመረምረው ከሆሳዕና እንዲሁም ከሌሎቹ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች አንጻር ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሐዲድ ባልደረሰበት ስፍራ የሐዲድ ቃል ምን ትርጉም እንደያዘ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛ፣ በዚያ የሚሠራ ተርጓሚ አንድን የሙያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአማርኛ በኩል ተቀብሎ ወደ ሀዲይሳ ወይም ወደ ከምባቲሳ ስለሚያሳልፈው፣ በአማርኛው የተሠራ ስሕተት በአንድ ቋንቋ ተወስኖ አይቀርም።

2. «ባቡር» በሐዲድ ከተሞችና በሆሳዕና

«ባቡር» ከመነሻው የእንፋሎት ቃል ነው። የጣሊያንኛው «ቫፖሬ» እና የፈረንሳይኛው «ቫፐር» እንፋሎት ማለት ናቸው። ቃሉ በእንፋሎት ለሚሄደው መርከብ መጠሪያ ሆኖ በወደቦች ተሰራጨ፤ በዐረብኛ «ባቡር» ወይም «ዋቡር» ተባለ፤ ወደ እኛም ደረሰ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» መባሉ ይህንኑ ያስረዳል። መኪናው የሚሄደው በሐዲድ ላይ አልነበረም፤ «ባቡር» ያሰኘው እንፋሎቱ ነው።

የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ በሐዲድ ከተሞች የቃሉ ትርጉም ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። ከዚሁ ጋር ሌሎች ቃላት መጡ፤ ከዐረብኛው የብረት ስም «ሐዲድ»፣ ከፈረንሳይኛ ደግሞ «ፉርጎ» እና የጣቢያው ስም «ለገሃር» ተወረሱ። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ናፍጣ የእንፋሎትን ቦታ ያዘ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር ደግሞ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። እንግዲህ ስሙን ከእንፋሎት የወረሰው ባቡር ዛሬ እንፋሎት የለውም።

ሐዲድ ባልደረሰባቸው በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በአንጋጫና በመሳሰሉት ከተሞች ቃሉ ሌላ ጎዳና ያዘ። እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ በዚያም «ባቡር» ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው እህል የሚፈጨው ሞተር ነው። እህሉ ወደ ባቡር ይወሰዳል፤ ባቡሩ ቆመ ሲባልም ተሳፋሪ ሳይሆን ዱቄት ይጠበቃል። ይህ የቃል መበላሸት አይደለም። ሐዲዱን ሳይሆን ሞተሩን ይዞ የቀረ፣ ለቀደመው ትርጉም ቅርብ የሆነ አጠቃቀም ነው።

ስለዚህ «የእንፋሎት ባቡር አያያዝ» የሚል ርእስ በአዲስ አበባ አንድ ነገር፣ በሆሳዕና ሌላ ነገር ሊያሳስብ ይችላል። እኛ የምንመርጠው፣ እንፋሎት አመንጭቶ የሚጎትተውን አካል ብቻ «ሎኮሞቲቭ»፣ ሎኮሞቲቩን ከነፉርጎዎቹ በአንድነት «ባቡር» ማለትን ነው። ወፍጮው ስሙን ይዞ ይኖራል፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ሌላ ወጥመድ እንጠቁማለን። «ሾፌር» የመጣው ከፈረንሳይኛው «ሾፈር» ነው፤ ይህም ቀድሞ በእንፋሎት መሣሪያ ላይ እሳት የሚያነድደውን ሠራተኛ የሚያመለክት ቃል ነበር። በአማርኛ ግን ሾፌር መሪ የያዘው ሰው ነው። የቀድሞ የፈረንሳይኛ የሐዲድ ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ሾፈር» ባለበት ሁሉ «ሾፌር» ቢል፣ እሳት አንዳጁን በአሽከርካሪው ቦታ ያስቀምጠዋል።

3. «ሞዴል» እና «ስኬል»

«ሞዴል» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ቅጽ ነው፤ «ሞዴል 19» ሲባል የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። በግብርና ጽሑፍ ደግሞ «ሞዴል አርሶ አደር» አርአያ የሚሆን ገበሬ ነው። «ናሙና» ብንል ከብዙ መካከል ለምርመራ የተወሰደ ይሆናል። «መጫወቻ» ማለት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ውስጡ የሚፈላው ውሃ ጨዋታ አያውቅም። «አምሳያ» መልካም ቃል ነው፤ ሆኖም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚታይ፣ የማይሠራ ቅርጽንም ያጠቃልላል። ስለዚህ ለሚሠራው «አነስተኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ»፣ ለሚታየው «የሎኮሞቲቭ አምሳያ» ብሎ መለየቱ ይሻላል።

«ስኬል» በእንግሊዝኛ ቢያንስ ሦስት ነገር ነው፤ የንጽጽር ልክ፣ ሚዛን፣ በቦይለር ውስጥ የሚጋገር ቅራፊ። ሦስቱም በአንድ የአያያዝ መመሪያ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። በተለይ «ትልቅ ስኬል» የሚለው አነጋገር ተርጓሚውን ወደ «ከፍተኛ ፕሮጀክት» ይወስደዋል፤ የሚያመለክተው ግን አምሳያው ከዋናው ጋር ሲነጻጸር ብዙም አለማነሱን ነው። በቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሄዱት የታወቁት ትንንሽ ባቡሮች ከዋናው 87 ጊዜ ያንሳሉ። ሰው የሚጎትቱት ግን በ127 ወይም በ184 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። መደበኛው ሐዲድ 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሁለተኛው ከዋናው ስምንት ጊዜ ያህል ብቻ ያነሰ ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበረ፣ በዚያ ይሄድ የነበረ ሎኮሞቲቭ ለ184 ሚሊሜትር ሐዲድ ቢሠራ የሚያንሰው አምስት ጊዜ ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል።

ርዝመቱ ስምንት ጊዜ ሲያንስ ይዘቱ 512 ጊዜ ያንሳል፤ 50 ቶን የነበረው ወደ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይወርዳል። የእንፋሎቱ ግፊት ግን በዚያው ልክ አይወርድም። በዚህ ዓይነት አነስተኛ ሎኮሞቲቭ ውስጥ 6 ባር የተለመደ የሥራ ግፊት ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 6 ኪሎ ግራም ያህል ነው። 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የቦይለር ክብ ጫፍ 314 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሚሆን፣ 19 ኩንታል ያህል ይገፋዋል። «አነስተኛ» የሚለው ቅጽል መጠኑን እንጂ አደጋውን እንደማይገልጽ ተርጓሚው በመግቢያው ሊያስታውስ ይገባል።

4. አተካከልና አቀጣጠል

ሐዲዱ የሚተከለው በደልዳላ መሬት ላይ ነው። በሆሳዕና ዙሪያ እንዳለው ባለ ቀይ አፈር ክረምት በሚያሸንፈው ስፍራ አፈሩን ቆፍሮ ጠጠር መደልደልና ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሐዲዱ ይሰምጣል፤ ሎኮሞቲቩም ከመስመር ይወጣል።

ከእሳት በፊት ውሃ ይታያል። «የውሃ ልክ ማሳያ» ከቦይለሩ ጋር ከላይና ከታች የተያያዘ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ነው፤ በውስጡ ያለው የውሃ ከፍታ የቦይለሩን ያሳያል። ቀዳዳው በቅራፊ ከተደፈነ ግን ሐሰት ይናገራል፤ ስለዚህ ከማቀጣጠል በፊት ታጥቦ ይፈተሻል። ውሃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱን የሚያቀዘቅዝ ነገር ይጠፋል፤ ብረቱ ይለሰልሳል፤ ግፊቱም ወደ ውስጥ ይደረምሰዋል። ለዚህም ሲባል ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚገባበት መንገድ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ቢሰናከል ሌላው፣ ለምሳሌ የእጅ ፓምፑ፣ ይደርሳል።

እንጨቱ ላምባ ነክሮ ይቀጣጠላል፤ ከዚያ ከሰል ይጨመራል። ጢሱን በጢስ መውጫው በኩል የሚስበውን መሣሪያ «ወናፍ» ብለነዋል። የቀጥቃጭ ወናፍ አየር የሚገፋው ከታች ሲሆን ይህኛው የሚስበው ከላይ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም እሳትን በአየር የሚያበረቱ ስለሆኑ ቃሉን ማስፋት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። «ምድጃ»ንም ከወጥ ቤት ወስደናል። «ማፍያ»ን ግን ለቦይለር አልመረጥንም፤ ማፍያ ክዳኑ የሚከፈት ዕቃ ያሳስባል፤ ቦይለር ደግሞ ምንጊዜም ዝግ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በሆሳዕና ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በ6 ባር ግፊት በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ግን ከ160 ዲግሪ ያልፋል። ቦይለሩ ቢቀደድ ያ ውሃ ግፊቱ ሲለቀው በቅጽበት እንፋሎት መሆን ይጀምራል፤ እንፋሎት የሆነው ውሃም 1,600 እጥፍ ያህል ይሰፋል።

ሎኮሞቲቩ ከመንቀሳቀሱ በፊት በቀዝቃዛው ሲሊንደር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በ«ሲሊንደር ማፍሰሻ» ይወጣል፤ ውሃ እንደ እንፋሎት ስለማይታመቅ ፒስተኑ ቢጋጨው የሲሊንደሩን ክዳን ይሰብራል። ቦይለሩ ከልክ በላይ ሲሞላ ውሃው ከእንፋሎቱ ጋር ተደባልቆ ወደ ሲሊንደር ይሄዳል፤ ይህን «መገንፈል» ብንለው ወተት ጥዶ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳናል።

5. የራሳችን ስሕተት

ከዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ ላለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ፣ ስለ ትንሽ ቦይለር አያያዝ የሚገልጽ መመሪያ ወደ አማርኛ መልሰን ነበር። በመመሪያው ውስጥ «ቫልቭ» ብዙ ጊዜ ይገኛል። ወጥነት ለመጠበቅ ብለን ሁሉንም «መዝጊያ» አልናቸው፤ በተለምዶ «ሴፍቲ ቫልቭ» የሚባለውንም «የደኅንነት መዝጊያ» ብለን አለፍን። በመዝገበ ቃላት ዓይን ነውር አልነበረበትም።

መመሪያው ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ለመመልከት ሄደን ሳለ፣ አንድ ሠልጣኝ ከቦይለሩ አናት ላይ እንፋሎት ሲወጣ አየ። ጽሑፋችንን ተመለከተ፤ የሚያፈሰው መዝጊያ ነው። የሚያፈስ መዝጊያ ደግሞ ሊጠብቅ ይገባዋል። መፍቻውን አንሥቶ ሁለት ዙር አጠበቀው። እንፋሎቱ ቆመ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ግን ቀዩን መስመር አልፎ መውጣት ጀመረ። በወፍጮ ሞተር ሥራ የሸመገሉ አንድ መካኒክ ከበሩ ላይ ሆነው አዩት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉት።

«ጋሼ፣ መዝጊያው ያፈሳል፤ ላጥብቀው ብዬ ነው።»

«ተው ልጄ! እሱኮ መተንፈሻው ነው። ከታፈነ ይፈነዳል።»

እሳቱን ከምድጃው አስወጡ፤ ግፊቱ እስኪወርድም ሁላችንን ከክፍሉ አራቁን። ማንም አልተጎዳም። ሠልጣኙ ያነበበውን በትክክል ስለፈጸመ የሚወቀስበት ነገር አልነበረም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ትክክለኛውን ቃል ያገኘነውም ከመካኒኩ አፍ ነው።

6. ራሱ የሚሠራና በእጅ የሚሠራ

ይህ አጋጣሚ ያስተማረን የአንድን ቃል ምርጫ ብቻ አይደለም። አማርኛ የመሣሪያና የቦታ ስም ሲመሠርት፣ ስሙ ከየትኛው የግሥ ዓምድ እንደ ወጣ በጉልህ ያሳያል። ከ«ወጣ» «መውጫ»፣ ከ«አወጣ» «ማውጫ» ይገኛል። ከ«ፈሰሰ» «መፍሰሻ»፣ ከ«አፈሰሰ» «ማፍሰሻ» ይመሠረታል። ከ«ተነፈሰ» «መተንፈሻ»፣ ከ«አስተነፈሰ» «ማስተንፈሻ» ይወጣል። በእያንዳንዱ ጥንድ የመጀመሪያው ነገሩ በራሱ የሚሆንበትን ሲያመለክት፣ ሁለተኛው አድራጊ ሰው ይፈልጋል። ጎማ የሚያስተነፍስ ሰው አለ፤ የሚተነፍሰው ግን ጎማው ነው።

በአያያዝ መመሪያ ውስጥ ይህ ልዩነት ከሰዋስው ያለፈ ዋጋ አለው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ተከፍቶ እንፋሎት የሚለቀው «የደኅንነት መተንፈሻ» ነው፤ እጅ አያስፈልገውም፤ እጅ ሊነካውም አይገባም። ሠራተኛው ከፍቶ ውሃ የሚያስወጣበት «ማፍሰሻ» ነው፤ ያለ እጅ አይሠራም። ጢሱ በራሱ የሚሄድበት «የጢስ መውጫ» እንጂ «ማውጫ» አይደለም። ውሃው ሲጎድል ቀልጦ እንፋሎቱን ወደ ምድጃው በመልቀቅ እሳቱን የሚያዳክመው፣ ውስጡ በእርሳስ የተሞላው ብሎን «ቀላጭ ብሎን» ነው፤ «ማቅለጫ» ቢባል አንድ ሰው አንድ ነገር ሊያቀልጥበት ይነሣል። በመኪናው ኃይል እየተንቀሳቀሰ ዘይት የሚሰጠው «ዘይት መጋቢ»፣ በእጅ የሚያዘው ቆርቆሮ «ዘይት ማጠጫ» ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። «ዘጋ»፣ «ከፈተ»፣ «ለካ» ያለ ምንም ባዕድ መነሻ ተሻጋሪ ስለሆኑ፣ «መዝጊያ»፣ «መክፈቻ»፣ «መለኪያ» በ«መ» ቢጀምሩም አድራጊ ሰው ይጠራሉ። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ግሡን መመርመር ያሻል። የስሕተታችን ሥር እዚህ ላይ ነበር።

7. አያያዝ

ሥራው ሲያበቃ እሳቱ ይወጣል፤ አመዱ ይጠረጋል። ትኩስ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ብረቱ በድንገት ሲኮማተር መጋጠሚያው ይላላል። በእሳት ቱቦዎቹ ውስጥ የተጋገረው ጥላሸት በብሩሽ ይወገዳል፤ ጥላሸት ሙቀት ስለማያሳልፍ ከሰል ያስጨርሳል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅራፊም በቦይለር ውስጥ እንዲሁ ነው፤ የዝናብ ውሃ መጠቀም ይቀንሰዋል።

በየጊዜው የሚደረገው ዋና ምርመራ «የውሃ ግፊት ፈተና» ነው። አዲስ ቦይለር በሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈተናል። ፈተናው በቀዝቃዛ ውሃ የሚሆንበት ምክንያት፣ ውሃ ሲታመቅ በውስጡ የሚያጠራቅመው ጉልበት ጥቂት ስለሆነ ቦይለሩ ቢቀደድ እንኳ ውሃው ብቻ ስለሚፈስ ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚው «የሥራ ግፊት»ንና «የፈተና ግፊት»ን በአንድ «የእንፋሎት ኃይል» ቢያጠቃልላቸው፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የተፈቀደው ቁጥር ለእንፋሎት እንደ ተፈቀደ ይነበባል። «ኃይል» እና «ግፊት» በዚህ ዘርፍ ፈጽሞ ሊለዋወጡ አይገባም።

8. ከአማርኛ ወዲያ

ሀዲይሳና ከምባቲሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተሠራባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ነበሩ። በዚያን ጊዜ የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ተዛውረዋል። በሀዲይሳ ውሃን «ዎኦ»፣ እሳትን «ጊራ» ብለን በግእዝ ፊደል ብንጽፍ የአናባቢው ርዝመትም ሆነ የጉሮሮው ድምፅ በሚገባ አይታይም፤ ለውጡን ከደገፉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ኩሻውያን ቋንቋዎች በራሱ የሚሆነውን ከሚያስደርጉት ይለያሉ፤ አማርኛ በግሡ መነሻ ላይ «አ» ወይም «አስ» ሲጨምር፣ እነርሱ ከግሡ ሥር በኋላ የ«ስ» ድምፅ ያለበት ምዕላድ ይቀጥላሉ። ስለዚህ «መተንፈሻ» የሚል አማርኛ የደረሰው የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ተርጓሚ ልዩነቱን በቋንቋው ለመግለጽ መንገድ አለው። «መዝጊያ» የደረሰው ግን ታማኝ በሆነ መጠን ስሕተታችንን በታማኝነት ያሳልፋል።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተባለውን በሦስት እናጠቃልለዋለን። አንደኛ፣ የሚጎትተው «ሎኮሞቲቭ»፣ የሚጎተተው «ፉርጎ»፣ ሁለቱ በአንድነት «ባቡር» ይባሉ። ሁለተኛ፣ «ቦይለር»፣ «ፒስተን»፣ «ሲሊንደር» የተለመዱ ስለሆኑ ይቆዩ፤ «ምድጃ»፣ «ወናፍ»፣ «መገንፈል» ደግሞ ከቤትና ከቀጥቃጭ ይወሰዱ። ሦስተኛ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ክፍል ራሱን ከቻለ ግሥ፣ በእጅ የሚሠራ ክፍል አድራጊ ከሚፈልግ ግሥ ስም ይውጣለት።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥብናል። አንድ ስያሜ በጉባኤ ከመጽደቁ በፊት ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይነበብለትና «ይህን ብታነብ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ መፍቻ ማንሣት ከሆነ ስያሜው ወደ እኛ ይመለስ። በየወፍጮ ቤቱ፣ በየጋራዡና በየሆስፒታሉ የቦይለር ክፍል የሚነገሩ ሌሎች ቃላትን የሰበሰቡ አንባብያን፣ ቃሉን ከሚነገርበት ስፍራና ከሚሠራው ሥራ ጋር አያይዘው ቢልኩልን በምስጋና እንቀበላለን።